የፋሲካ ዕንቁላልና በእጃችን ያለው ምትኩ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር ለጋዜጣ አንባብያን የተዘጋጀ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም በየቤቱ የሚያነጋግር ስለ ሆነ ንቀን ልናልፈው አልወደድንም። ይኸውም በፋሲካ ሰሞን ዕንቁላልን በቀለም አስጊጦ ለልጆች የመስጠት ልማድ ከወዴት እንደ መጣ፥ እውነተኛውን ዕንቁላል ሳይነኩም ያንኑ ደስታ ከአትክልትና ከአፈር እንዴት ማግኘት እንደሚቻል የሚገልጽ ነው።

ልማዱ የአገራችን አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በአዳማ (ናዝሬት)፥ በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በሻሸመኔ የሚያድግ ሕፃን ቀለም የተቀባውን ዕንቁላል በቴሌቪዥንና በተንቀሳቃሽ ስልክ ያያል፤ አይቶም «ለእኔስ ለምን አይሠራልኝም?» ብሎ እናቱን ይጠይቃል። ጥያቄው የሚነሣው ግን ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ፥ ማለት ጾሙ እጅግ በሚጠብቅበት ሳምንት ነው። እናቲቱ ልጅዋን ማሳዘን አትወድም፤ በሰሙነ ሕማማት ዕንቁላል ስትቀቅልና ስታገላብጥ መዋልም አትወድም። ይህ ጽሑፍ ለእርስዋና እንደ እርስዋ ላሉት ሁሉ የታሰበ ነው።

የልማዱ አመጣጥ

በቀድሞ ዘመን በምሥራቅም በምዕራብም ያሉ ክርስቲያኖች በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ጋር ዕንቁላልንም ይተዉ ነበር። ዶሮ ግን ጾም አታውቅም፤ ሰው ቢጾምም እርስዋ መጣልዋን አታቋርጥም። ስለዚህ በጾሙ ሳምንታት የተጠራቀመው ዕንቁላል ለበዓሉ እየተቀቀለ የጎረቤት ስጦታ ይሆን ነበር፤ ስጦታም ሲሆን ማስጌጥ ተከተለው።

ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ ዕንቁላሉን በቀይ ቀለም ይነክሩታል፤ ቀዩ የክርስቶስን ደም፥ የሚሰበረው ቅርፊትም የመቃብሩን መከፈት ያመለክታል ይላሉ። አርመኖች ቀለሙን የሚያወጡት ከሽንኩርት ልጣጭ ነው። ዩክሬናውያን ደግሞ በቀለጠ ሰም እየጻፉ ልዩ ልዩ ሐረግ ይጥሉበታል፤ ይህም ጥበባቸው በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በእንግሊዝ አገርም በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1290፥ ለ450 የፋሲካ ዕንቁላል 18 ፔንስ ወጪ እንደ ተደረገ በቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። በእነዚያው አገሮች እንኳ የበዓሉ ዕንቁላል ሁልጊዜ ከዶሮ የተገኘ አይደለም። በመስኮብ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር ሣልሳዊ ለንግሥቲቱ ለፋሲካ ያበረከተላት ዕንቁላል ፋቤርዤ የሚባለው የጌጣጌጥ ቤት ከወርቅ ሠርቶ ነጭ ኢናሜል ያለበሰው ነበር። ወርቅ የሌለው ሕዝብ ደግሞ ከእንጨት እየጠረበ ቀለም ይቀባ ነበር። በቅርቡም፥ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ዶሮዎችን ፈጅቶ የዕንቁላል ዋጋ በተወደደ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች በዕንቁላሉ ፈንታ ድንች ቀለም እየቀቡ ለልጆቻቸው ሰጥተዋል። እንግዲህ ደስታው ያለው በቅርጹ፥ በቀለሙና በእጅ ሥራው እንጂ በዛጎሉ ውስጥ ባለው አስኳል አይደለም ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ የዕንቁላል ስፍራ

በባሕረ ሐሳብ ቀመር መሠረት የእኛ ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ፥ ከሚያዝያ 30 ቀንም አልፎ አይውልም። መጋቢት 26 ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ጸደይ የሚገባበት ዕለት ነው። ስለዚህ ትንሣኤ በእኛም ዘንድ የጸደይ በዓል ነው። በፊቱ ያለው ጾም 55 ቀን ሲሆን፥ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቁላል ከጿሚው ማዕድ ይርቃሉ።

ጾሙ ሲፈታ ዕንቁላል የሚገባበት ስፍራ የታወቀ ነው፤ እርሱም ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮዋ በ12 ብልት ትከፈላለች፤ ዕንቁላሉም ተቀቅሎና ተልጦ፥ ወጡ እንዲሰርገው ዙሪያውን ጫር ጫር ተደርጎ ይጨመራል። ለእያንዳንዱ ተመጋቢ አንድ ዕንቁላል ማድረስ የባለቤቲቱ ክብር ነው። በእኛ አገር ዕንቁላል ለጌጥ ሳይሆን ለማዕድ የተመደበው ስለዚህ ነው።

አሁን ሦስት ችግሮችን እንቍጠር።

አንደኛው የጊዜው ነገር ነው። ዕንቁላል ለበዓሉ ጧት ይደርስ ዘንድ የሚቀቀለውና የሚቀባው በሰሙነ ሕማማት ነው። ሕፃን ልጅን ሊቀምሰው ከማይፈቀድለት ምግብ ጋር ሳምንት ሙሉ ማጫወት ልጁን መፈተን ነው፤ የተቀቀለ ዕንቁላልም በቆላው ሙቀት ለብዙ ቀን ከተቀመጠ ተበላሽቶ ያሳምማል።

ሁለተኛው የኑሮው ነገር ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ዕንቁላል ብቻ ነው። በጾሙ ወራት የገበያው ዋጋ ይቀንሳል፤ በበዓሉ ዋዜማ ግን ይንራል። አስተዋይ የሆነች የገጠር እናት በጾሙ መካከል ዕንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ለምታቅፍ ዶሮ ትሰጣለች፤ በ21 ቀንም ጫጩት ታገኛለች። እንዲህ ያለውን ሀብት ለጨዋታ ቀብቶ ሰብሮ መጣል የሚያስቈጭ ነው።

ሦስተኛው፥ ዕንቁላል የማይበላ ሰው ያለ መሆኑ ነው። ዕንቁላል ሰውነታቸውን የሚያሳክካቸውና የሚያሳብጣቸው ልጆች አሉ። ከእንስሳት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ ዓመቱን በሙሉ ለመተው የቈረጡ ሰዎችም አሉ። እነዚህ በበዓሉ ቀን ከጨዋታው ተገልለው መቀመጥ የለባቸውም።

ከጥንት የነበረን የለመለመ ምልክት

ዕንቁላል ባናስጌጥም በዓላችን ያለ ጌጥ የቀረ እንዳይመስለን። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመናንም ቄጤማውን እንደ ቀለበት አጥፈው በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ትርጓሜውም በኖኅ ዘመን ርግብ የጥፋት ውኃ መጕደሉን በለመለመ ቅጠል እንዳበሠረች፥ ቄጤማውም የሞት ጥፋት ማለፉን ያበሥራል ማለት ነው። በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ የሚበላው ጉልባን ከስንዴና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ንፍሮ ነው። እንግዲህ የፋሲካችን ታላላቅ ምልክቶች ከረግረግና ከማሳ የሚገኙ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ «ዕንቁላልስ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ይታይ የለምን?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን ዕንቁላል ይሰካል። ሰጎን ዓይንዋን ከዕንቁላልዋ አታነሣም ስለሚባል፥ ምእመን ልቡን ከጸሎት እንዳያነሣ ለማስተማር ነው። ይህ የቆየና የተከበረ ትርጓሜ ነው። ነገር ግን ሰጎን ዛሬ እንደ ድሮው በየሜዳው የምትገኝ አይደለችም። በስምጥ ሸለቆው ሰጎንን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳል። የሰጎን ዕንቁላል አንዱ የ24 የዶሮ ዕንቁላል ያህል ስለ ሆነ ትልቅነቱ ያስጐመጃል፤ ግን የዱር እንስሳን ዕንቁላል ያለ ፈቃድ ማንሣት በሕግ የተከለከለ ነው። ለቤት ጌጥ የሚሻ ሰው ወደ ሰጎን ጎጆ ሳይሆን ወደ ቅል ተክሉ ይሂድ።

ሽምብራው ያስተማረን

ምትክ መሥራት ለአገራችን ሴቶች አዲስ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆው የዝዋይና የቆቃ ሐይቆች ዓሣ እንደ ልብ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም ዓሣንም የሚተዉ ጿሚዎች ብዙ ናቸው። እናቶቻችን ለዚህ ምን መላ አገኙ? የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም አሽተው፥ ሊጡን በዓሣ ቅርጽ ቈርጠው፥ ጠብሰው፥ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ከተቱትና «ሽምብራ ዓሣ» አሉት። ቡጢቻንም እንመልከት። የሽምብራ ዱቄት በፈላ ውኃና በዘይት ተገንፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይፈረፈራል፤ ሽንኩርት፥ ቃሪያና ሎሚ ሲገባበት የተጠበሰ ዕንቁላል መስሎ ይቀርባል። ማንም አልተታለለም፤ ማንም ጾሙን አልሻረም፤ ማዕዱ ግን አማረ።

ሽምብራው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው በአድአ ጥቁር አፈር ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ነው። በዚያው በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አረርቲና ሻሾ ያሉትን የተሻሻሉ የሽምብራ ዘሮች ለገበሬው አውጥቷል።

ስለዚህ የቤት እመቤት ሆይ፥ የሽምብራ ዓሣ የምትሠሪበትን ሊጥ ውሰጂ፤ በዓሣ ፈንታ እንደ ርግብ ዕንቁላል አነስ አነስ አድርገሽ አድቦልቡዪው። ትልቅ ከሆነ መካከሉ ጥሬ ይቀራልና አታተልቂው። በዘይት ጠብሰሽ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጊና በቁሌቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብሰል። ይህ ለሆሣዕና ወይም ለማንኛውም የጾም እንግዳ የሚቀርብ የሽምብራ ዕንቁላል ነው።

ለልጆች የሚሆኑ አራት ሥራዎች

አንደኛ፥ የቅል ዕንቁላል። ኦሮሞው ቡቄ የሚለው ቅል በክረምት ተዘርቶ በበጋ ይደርቃል። ከትንንሾቹ መካከል ድቡልቡሉን መርጦ፥ የላይ ቆዳውን በቢላዋ ጀርባ ፍቆ፥ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ነው። ዘሩ ከውስጥ ስለሚንኳኳ ሕፃኑ ሲነቀንቀው ድምፅ ይሰጠዋል። በአርሲና በሸዋ የኦሮሞ ሴቶች የወተት ዕቃቸውን በዛጎልና በጨሌ እንደሚያስጌጡት፥ ይህንንም በጨሌ ክር ማስጌጥ ይቻላል፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን እንዳይውጠው ጨሌው ይቅር። በጋለ ብረት ሐረግ መጣልም ያምራል፤ ይህ ግን የአዋቂ ሥራ ነው። የቅል ዕንቁላል ካልተሰበረ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል።

ሁለተኛ፥ የሸክላ ዕንቁላል። ከሸክላ ሠሪ ጥቂት የታሸ ጭቃ መግዛት ወይም ጥሩ ጭቃ ፈልጎ ጠጠሩን መልቀም ያስፈልጋል። ልጆቹ በመዳፋቸው አድቦልቡለው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያስቀምጡት፤ በፀሐይ ቢያደርቁት ይሰነጠቃል። ግማሽ በደረቀ ጊዜ በለስላሳ ድንጋይ ቢያሹት ያብረቀርቃል። በሌሎች አገሮች በጨው የታሸ የስንዴ ሊጥ ለዚህ ሥራ ይውላል፤ እኛ ግን እህልን ለማይበላ ነገር ከማዋል ጭቃውን መርጠናል።

ሦስተኛ፥ የድንች ዕንቁላል። በሻሸመኔ ዙሪያ የሚመረተው ድንች ሞልቷል። ትንንሹንና ሞላላውን መርጦ መቀቀል፥ ልጦም በቀለም መንከር ነው። ይህ የሚሠራው ሊበላ በታሰበበት ዕለት ነው፤ ልጁ ያስጌጠውን በምሳ ሰዓት በሚጥሚጣና በሎሚ ይበላዋል። አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች መርዝነት ስላለው አይበላም፤ ተለይቶ ይጣል።

አራተኛ፥ የዳቦ ዕንቁላል። የስንዴ ዱቄት፥ ውኃ፥ እርሾ፥ ጨውና ጥቂት ዘይት አቡክቶ፥ እርድ ጨምሮ ቢጫ ማድረግ፤ ሊጡ ኩፍ ሲል በዕንቁላል ቅርጽ አድርጎ ጥቁር አዝሙድና ሰሊጥ እያጣበቁ ሐረግ መጣል፤ ከዚያም መጋገር ነው። ይህ ጌጥም ምግብም ስለ ሆነ ምንም አይባክንም።

ስለ ቀለሙ

ቀለም ከገበያ መግዛት ግድ አይደለም፤ ለሚበላ ነገርማ የግድግዳና የእንጨት ቀለም ከቶ አይነካም። ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ሽንኩርት በየቤቱ ሲላጥ ልጣጩ ይጣላል። መልካሳ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣውና «አዳማ ቀይ» የተባለው የሽንኩርት ዘር ከስሙ ጀምሮ የዚሁ አገር ነው። ሁለት ጭብጥ ደረቅ ልጣጭ በአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍልቶ ማጥለል ነው፤ ቡናማ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ይወጣል። አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ቢጨመርበት ይበልጥ ይይዛል።

ለቢጫ እርድ፥ ለቀይ የቀይ ሥር ውኃ፥ ለጠቆር ያለ ቀይ ከርከዴ ይሆናል። እርድና ቀይ ሥር ፀሐይ ሲመታቸው ስለሚገረጡ፥ ለብዙ ጊዜ ለሚቀመጠው ለሸክላው የሽንኩርቱ ልጣጭ ይሻላል። ነጭ ለማድረግ ኖራ የሚጠቀም ቢኖር ዓይንን ስለሚያቃጥል ሕፃናት አይንኩት።

ሥራው በየትኛው ቀን ይሁን?

የቅሉና የሸክላው ሥራ ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ቢያልቅ መልካም ነው፤ ሰሙነ ሕማማት የጸሎትና የስግደት ሳምንት ስለ ሆነ ለእርሱ ይተው። የፋሲካ ዕለት ጧት አባት ወይም ታላቅ ወንድም የተሠሩትን በግቢው ውስጥ፥ በቄጤማው ሥርና በአጥሩ ጥግ ይደብቃቸው፤ ልጆችም ፈልገው ያግኙ። ያገኘውም ለራሱ ሳይሆን ለጓደኛው እንዲሰጥ ቢደረግ ጨዋታው ትምህርት ይሆናል። በአዳማና በአካባቢው ከተሞች ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ የሚኖርበት ብዙ ነው፤ የቅልና የሸክላ ዕንቁላል የማንንም ጾምና ሥርዓት ስለማይነካ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይጫወትበታል።

ሁለት መቃወሚያዎች

አንዳንድ አባቶች «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ይሉ ይሆናል። ቃላቸው የሚናቅ አይደለም። የቄጤማው ትርጉም ሳይነገረው የዕንቁላሉን ጨዋታ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ካሳደግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ከቄጤማው በኋላ ይምጣ፤ ልጁ አስቀድሞ በራሱ ላይ የታሰረለት ቄጤማ ምን እንደሚያበሥር ይስማ። ይህ ከተጠበቀ በአገር ቅልና በአገር ሸክላ የተሠራ ነገር እንግዳ ሊባል አይችልም።

ሌሎች ደግሞ «በጾም ጊዜ የዕንቁላልን መልክ መሥራት መጎምጀት አይደለምን?» ይላሉ። ጾም ከመብል ብቻ ሳይሆን ከምኞትም መከልከል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ልጅን በሸክላ ማጫወትና ሆድን በምኞት ማባበል የተለያዩ ናቸው። የሽምብራ ዓሣ የሚበላ ጿሚ ዓሣ ተመኘ ተብሎ አልተወቀሰም። ይህንም ለኅሊናው የሚከብደው ሰው ሥራውን ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ቢያደርገው የሚከለክለው የለም፤ ወራቱ የደስታ ወራት ነውና።

ውድ አንባብያን፥ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ድኻው «ዕንቁላል የለኝም» ብሎ በልጁ ፊት እንዲያፍር፥ ጿሚውም ጨዋታ ለማስደሰት ብሎ ሥርዓቱን እንዲያላላ የሚያስገድድ ነገር የለም። ቅሉ በአጥሩ ላይ፥ ጭቃው በወንዙ ዳር፥ ልጣጩም በጓዳ ውስጥ ይገኛል። የዘንድሮ የሽንኩርት ልጣጭ ከመጣሉ በፊት በአንድ ቅርጫት ይጠራቀም፤ ክረምቱም ሲገባ ሁለት ፍሬ የቅል ዘር በአጥሩ ሥር ይተከል። ለሚመጣው ፋሲካ የልጆቹ ጌጥ ከዚያው ይገኛል።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።